እንዶድ የከፈተው ውሃ

ሥራዬ ውሃ መቀባት ነበር። እንዲህ ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ያኔም አልጠፋም። ከፍኖተ ሰላም እየተነሳሁ በጅጋና በቡሬ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች በእግሬ አዳርስ ነበር። የቆመ ውሃ ባገኘሁበት ሁሉ ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደባልቄ አፈሳለሁ። መሥሪያ ቤታችን የወባ መሥሪያ ቤት ነው። ገበሬው ግን "ውሃ ቀቢው መጣ" ነበር የሚለኝ። አንዳንዱ ደግሞ ከማሳው ቀና ብሎ "እንግዲህ ቀብተህ አንግሠዋ!" ይለኛል። እኔም በወጣትነቴ ምላሴ ፈጣን፣ ቁጣዬም ቅርብ ነበርና ሳልመልስ አላልፍም። "ወባ ሲይዝህ ንጉሡ ጋ መጥተህ ደጅ ትጠናለህ" እለዋለሁ። ስቆ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የቢንቢ እጭ ውሃ ውስጥ ትኑር እንጂ የምትተነፍሰው እንደኛው አየር ነው። የወባዋ ቢንቢ እጭ ከውሃው ፊት ሥር ልክ እንደ ስንጥር ተጋድማ ትንፋሿን ከላይ ትስባለች። ዘይቱ ፊቱን ከሸፈነው ትንፋሽ ያጥራትና ታልቃለች። ይኸው ነው። ቀዳዳ ከተገኘ ግን፣ መዳፍ የምታክል ንጹሕ ቦታ እንኳን ብትሆን፣ ወደዚያች ይሰበሰባሉ።

ይህን ያስተማሩኝ የበላዬ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ የተቀጠሩ፣ በአብዮቱም ጊዜ ያልተባረሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። አንድ ቀን እኛን አዲሶቹን ከቢሮው በረንዳ አስቀመጡንና በነጭ የብረት ሳህን ውሃ ሞሉ። ውሃው ላይ ጥቂት ዱቄት ነሰነሱበት። ከዚያ በስንደዶ ጫፍ አንዲት የዘይት ጠብታ ይዘው መሐሉን ነካ አደረጉት። ዱቄቱ ተገፍቶ ወደ ዳር ሸሸ፤ መሐሉ አንጸባረቀ።

"አያችሁ፣ ውሃ ፊት አለው" አሉ። "ዘይት ፊቱን ይይዛል እንጂ ውስጡ አይገባም። የኛ ሥራ ያን ፊት መጠበቅ ነው።"

ቀጥለው ከሳሙና ቁራጭ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ጣሉበት። ዘይቱ ጥርግ ብሎ ከሳህኑ ጠርዝ ሄዶ ተለጠፈ። መሐሉ ባዶ ውሃ ሆኖ ቀረ። ዳግመኛ ዘይት ቢያንጠባጥቡበትም እዚያው ተኮማትሮ እንደ ዓይን ቆመ እንጂ አልተዘረጋም።

"ሳሙና ይሁን እንዶድ፣ አረፋ ያለው ነገር ሁሉ ለሥራችን ጠላት ነው። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ውሃ ከሆነ መጀመሪያ አጣቢዎቹን ለምኑ። እምቢ ካሉ ከልክሉ። ዘይቱን የምታፈሱት ከዚያ በኋላ ነው" አሉን። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳልሰማ ቀረሁ የምልበት መንገድ የለኝም።

ሥራውን ወደድኩት ብል ያጋነንኩ ይመስላል፤ ግን ወድጄው ነበር። ዘይቱ ሲፈስ መጀመሪያ ጥቁር ክብ ይሠራል። ከዚያ ይሮጣል። ዳሩ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ የናስ መልክ እየያዘ አንድ ኩባያ ዘይት ከአውድማ የሚሰፋውን ውሃ ሲያለብስ ቆሜ አያለሁ። እየሳሳ ሲሄድ ቀለሙ ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ግራጫውም ይጠፋል። አዲስ ሠራተኛ "አለቀ" ብሎ ይጨምራል፤ አላለቀም። ንፋስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ያልተቀባው ውሃ ይሸበሸባል፤ የተቀባው ዝም ይላል። ዝናብ ቢበሳው ቀዳዳው ወዲያው ይገጥማል። ንፋስ ወደ አንድ ጥግ ቢገፋው፣ ንፋሱ ሲተወው ተመልሶ ይዘረጋል። ዓይን የማያየው ነገር ያን ያህል ጠንካራ መሆኑ ያስደስተኝ ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነውና።

እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልነቀልኩም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሲድሯትም "ወንድሜን ካልያዝሁ አልሄድም" ብላ ይዛኝ ሄደች፤ ሙሽራ ልጅ አዝላ መጣች እየተባለ አገር ስቆባታል። ባሏ ከቡሬ ወዲያ መጥቶ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የሰፈረ የአዊ ተወላጅ ነው። ለእናቱና ለበሬዎቹ በአዊኛ፣ ለእኛ በአማርኛ ይናገር ነበር። ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን እንኳን የበላሁትን እንጀራ ዓይቶብኝ አያውቅም። ያስተማረኝም እሱ ነው። ቤታቸው ከተራራ ጫፍ ላይ ነበር፤ ንፋስ የማይለየው፣ ከሥሩ ምንጭ ያለው፣ ቢንቢ የሚባል ነገር የማይታወቅበት ቦታ። የጎደላቸው ልጅ ብቻ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ልጅ አልመጣም።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ካድሬዎቹ ገመድና ችካል ይዘው ከመኪና መንገዱ አጠገብ ካለው ረባዳ መሬት ላይ መስመር አሰመሩ። ከየተራራው ጫፍ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ ማገሩንና ቋሚውን ተሸክሞ፣ እዚያ መስመር ላይ እንዲሠራ ተባለ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። የእህቴ ባል የገዛ ቤቱን ጣሪያ ሲያፈርስ እኔም አግዣለሁ። እህቴ ከጓሮዋ የጌሾውን ተክል ለመንቀል ሞክራ አልነቀል ሲላት፣ ትታው ቁጭ ብላ ስታለቅስ አየኋት። ሙቀጫዋን፣ እንስራዋንና ልብሷን ይዛ ወረደች።

ለሁሉም ቤት ግድግዳ ጭቃ የተቆፈረው ከአንድ ቦታ ነው። መቶ አባወራ እየቆፈረ፣ እየረገጠ፣ እየወሰደ፣ ከመንደሩ ዳር አንድ ትልቅ ጉድጓድ ተረፈ። ክረምት ሲገባ ውሃ ሞላው። ከዳሩ ቆሜ አየሁት። ንፋስ የለው፣ ጥላ የለው፣ ሣሩ ዙሪያውን በቅሏል፤ ቢንቢ ራሷ ምረጪ ብትባል ከዚህ የተሻለ አትመርጥም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ሰውነታቸው ወባን አያውቅም።

በዚያው ሰሞን እህቴ ማርገዟን ነገረችኝ። የነገረችኝ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው፤ የሰረቀችውን ነገር የምትናዘዝ ይመስል ነበር።

"ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ። "ገና ነው። እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?"

"ምንም አይሆንም" አልኳት። "ከዚያ ጉድጓድ አንዲት ቢንቢ አትወጣም። ነገርሁሽ!"

የምሬን ነው። የነፍሰ ጡር ወባ ምን እንደሚያደርግ ከብዙ ቤት አይቻለሁ። በየማክሰኞው ወደዚያ መንደር እሄድ ጀመር። ያን ጊዜ ናፍጣ ወደ ጦር ግንባር እየሄደ ለእኛ የሚደርሰን በማንኪያ ተሰፍሮ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ የሌሎቹን ጉድጓዶች ድርሻ እየቀነስኩ ለእህቴ ጉድጓድ አበዛለሁ። ያደረግኩት ትክክል አልነበረም፤ ግን ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

እህቴ ዘይቱን አልወደደችውም። በተራራው ላይ ሳለች ምንጩ ከሥሯ ነበር፤ አሁን ምንጭ ለመሄድ ያን ሁሉ አቀበት መውጣት አለባት። ጉድጓዱ ደግሞ ከደጇ ነው። እኔ ስመጣ "ከውሃ ጋር ምን አጣላህ አንተ ልጅ?" ትለኛለች። ልብስ ማጠብ የምትወድ ሴት ነበረች። ማጠብ ግዴታ እንጂ የሚወደድ ነገር ነው ወይ የሚል ካለ እሷን አላያትም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከመቶ ሴት መሐል የእሷ ነጠላ ከሩቅ ይለያል። ሁሉን ትታ ከተራራው ስትወርድ ይዛው የመጣችው ኩራት እሱ ብቻ ነበር። ሣቋንም ከተራራው ላይ ትታው መጥታለች። እኛ ቤት ድሮ የሚሰማው የእሷ ሣቅ ነበር፤ ጎረቤት "ዛሬ ደግሞ ምን አገኘች?" ይል ነበር። ከወረደች ወዲህ አልሰማሁትም።

የመስቀል በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ልማዴ ማክሰኞ ቀትር ላይ ደረስኩ። ክረምቱ ወጥቷል። እህቴና ሦስት ሴቶች ከጉድጓዱ ዳር ከድንጋይ ላይ ልብስ ከምረው ተቀምጠዋል። እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ዙሪያውን እየዞርኩ የያዝኩትን ዘይት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰስኩ። ዘይቱ አማረልኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ።

"ጨረስህ?" አለችኝ እህቴ።

"ጨረስሁ።"

"እንግዲያ ና ወዲህ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።"

የተወቀጠ እንዶድ ከቅሉ በእፍኟ አወጣች። ውሃ ነካ አድርጋ በእጇ አሸች፤ አረፋው በጣቶቿ መሐል ወጣ። ከዚያ ወደ ውሃው ወረወረችው።

ዘይቱ ሸሸ። እንዲያው ሸሸ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከወደቀበት ቦታ ጀምሮ ቀለሙ ሁሉ ወደ ኋላው እየተሳበ፣ ወዲያ ማዶ ሣሩ ሥር እስኪጠራቀም ድረስ አሥር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም። ውሃው ተከፈተ። ሰማዩ በውስጡ ታየ።

"እየው! እየው! የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለመዋጮ የመጣበት ሰው ነው የሚመስል!" አለችና ሣቀች።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሣቁ። እሷ ግን ያን የድሮውን ሣቅ፣ ከሆዷ የሚወጣውን፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሣቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አየህ፣ አንተ ስትሄድ እንዲህ እያደረግን ነው የምናጥብ። ለመስቀል የወንድምህን ነጭ ሱሪና የኔን ቀሚስ በዚያ ቅባት ላጠቁር ኑሯል?" አለችኝ። ወንድምህ የምትለው ባሏን ነው።

የሳህኑ ነገር በዓይኔ መጣ። ሽማግሌው የተናገሩት አንድ በአንድ ታወሰኝ። "ተይ" ማለት ነበረብኝ። "ይህ ከሆነ ለበዓሉ ጨርቅ ብለሽ ልጅሽን ታጫለሽ" ማለት ነበረብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን እጮህባት ነበር፤ ጮሄም አውቃለሁ። ግን ያሳደገችኝ ሴት ከስንት ወር በኋላ ስትስቅ አየሁ። እኔም ሣቅኩ። አብሬያት ሣቅኩ።

በልቤ ያልኩት "በሁለት ሦስት ቀን ዘይት ይዤ እመለሳለሁ፣ በዓሉ ካለፈ ማጠቡም ይቆማል" ነው። ማግስቱን ቢሮ ስገባ ወደ ቡሬ በኩል ወባ ተነሥቷል ተብሎ መኪና ላይ ጫኑን። ቤት ለቤት መድኃኒት ስንረጭ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አልተላከም። ላኩልኝ ብዬም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ለምን ይሉኝ ነበር።

ስመለስ ቢሮ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ዘይቱ ሣሩ ላይ ደርቆ ቡናማ መስመር ሠርቷል። መሐሉ ንጹሕ ነው። ንፋስ ሽው ሲል ውሃው ሁሉ ተሸበሸበ። በነጩ ጭልፋዬ ቀዳሁና አየሁ። እጭ ጥቂት ነበር። የሞላው ባዶ ቅርፊት ነው፤ ቢንቢዋ ክንፍ አውጥታ ስትበር ትታው የምትሄደው ስስ ልብስ። ሁለተኛ ቀዳሁ። ሦስተኛ ቀዳሁ። ያው ነው። የያዝኩትን ዘይት ሁሉ አፈሰስኩ። በሩን ሌባ ከወጣ በኋላ እንደሚዘጋ ሰው ነበርኩ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል መንደሩ ተኛ። በአንዳንዱ ቤት ውሃ የሚያቀብል እንኳን ጠፋ። እህቴ ከመጀመሪያዎቹ መሐል ናት። ክኒን አመጣሁላት፤ የዋጠችውን ሁሉ ታስመልሳለች። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ቃሬዛ ላይ አድርገን ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘናት ወጣን። ቆመው መሄድ የቻሉት ወንዶች ስድስት ነበሩ፤ እየተቀባበልን ተሸከምን። ባሏ ከእግሯ፣ እኔ ከራሷ በኩል ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ሥር ስትንቀጠቀጥ እንጨቱ እስከ ትከሻዬ ይነዝረኝ ነበር።

"አንተዬ" አለችኝ መንገድ ላይ። "ይንቀሳቀስ ነበረ፤ ከትናንት ጀምሮ ዝም አለ። የተኛ ነው?"

"ተኝቶ ነው" አልኳት።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወለደች። ወንድ ነበር። ጥፍርም ጸጉርም አውጥቷል። አላለቀሰም። አዋላጇ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለአባቱ ሰጠችው። እሱም ከበሩ ውጪ በፀሐይ ላይ ቁጭ አለና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ በአዊኛ አናገረው። ምን እንዳለው አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅም። ክርስትና ያልተነሣ ነውና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፤ አባቱ ወደ ተራራው ይዞት ወጣና ከፈረሰው ቤታቸው ጓሮ ቀበረው። እኔ መቆፈሪያውን ይዤ ተከተልኩት። መሬቱን ግን እሱ ብቻውን ቆፈረ።

እህቴ ዳነች። ዳነች ከተባለ።

ስለዚህ ነገር እርግጠኛ ነህ ወይ የሚለኝ ይኖራል። የከብት ኮቴ የረገጠው ሁሉ ውሃ ይይዛል፣ ቢንቢ ከሌላ ቦታም ትመጣለች፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኬሚስትሪ የተማረች የጎረቤት ልጅ አግኝቼ፣ ስለ ሌላ ሰው የማወራ መስዬ፣ አንድ እፍኝ እንዶድ ያን የሚያህል ጉድጓድ ይከፍታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቃት ሰው አግኝታ አታውቅም መሰለኝ። ዛሬ ፖሊመር ከሚሉት ከፕላስቲኩ ዘመድ ስስ ሽፋን ሠርተው ውሃ ላይ እንደሚዘረጉ፣ ውሃው ፊት ላይ እንዴት እንደሚጨማደድና እንደሚቀደድ እንደሚለኩ አጫወተችኝ። ውሃ ዘይቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይስበዋል፤ እንዶዱ የወደቀበት ውሃ መሳቡን ይተዋል፤ የቀረው ውሃ ግን መሳቡን አይተውምና ዘይቱ ወደዚያ ይሄዳል አለችኝ። "እና ይበቃል?" አልኳት። "ከሚበቃው በላይ ነው" አለች። አመስግኜ ተነሣሁ።

ያን ዓመት ግን እኔን የሚወቅስ አልነበረም፤ ይመርቁኝ ነበር። "ወንድሟ ባይኖር እሷም አብራ ትሄድ ነበር" ይላሉ። እሷ ራሷ ከአልጋዋ ሆና "አንተማ የቻልኸውን አድርገሃል፤ እግዜር አልፈቀደም" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። ቤቴ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዓመት ዞረ። ክረምቱ ገባ፣ ጉድጓዱ ሞላ። ከእህቴ ቤት ቀጥሎ ካለው ቤት አዲስ ሙሽራ መጥታ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ያረገዘች፣ ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት። እህቴ እንደ ልጇ ያዘቻት። ከባድ አታነሺ፣ ይህን አትብዪ፣ እዚህ ተቀመጪ ትላታለች። ያጣችውን ሁሉ በዚያች ልጅ ላይ አድርጋ ነበር የምትኖረው። እኔም ያን ክረምት ሳምንት ሳላጓድል ዘይት አፈሰስኩ። ማጠቡን በሚመለከት ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። "እንዶድ አትጨምሩ" ካልኩ እህቴ አምናን ታስባለች። በልቤ ከሐዘኗ ወዲህ ትታዋለች እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

የመስቀል ሰሞን መጣሁ። እህቴና ያቺ ልጅ ከጉድጓዱ ዳር ነበሩ። የእህቴ እጅ ውስጥ እንዶድ አለ፤ አረፋው በክንዷ እየወረደ ነው። ለልጅቷ እያሳየቻት ነበር።

"እትዬ፣ ተይ!"

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። እጇ ባለበት ቆመ።

"ምነው?"

"እሱ ነገር ዘይቱን ይገፋዋል። ውሃው ሲከፈት ቢንቢዋ ትፈለፈላለች። ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት።"

እህቴ መጀመሪያ ወደ ውሃው አየች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሆድ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የገባት። አረፋው ከክርኗ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።

"አምና ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?"

"ስትስቂ አየሁ" አልኳት። "ከወረድሽ ወዲህ ስትስቂ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

እንዶዱን መልሳ ቅሉ ውስጥ አደረገችው። እጇን በሣር ጠረገች፤ ቀሚሷን አልነካችበትም። ልጅቷ ግራ ተጋብታ "እማማ ምን ሆኑ?" አለቻት።

"ምንም አልሆንሁ ልጄ። ልብሱን ሰብስቢ፤ ምንጭ እንወጣለን" አለች።

ልጅቷ ግን ገና ልጅ ናት፤ የሰማችውን ለአማቷ ተናገረች፣ አማቷም ለጎረቤት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጆሮ ገባ። እሁድ ጧት ሰው ከቅዳሴ ሳይወጣ ስብሰባ ተጠራ። ከዋርካው ሥር ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። እኔም እንድገኝ ታዝዤ ነበር። ሊቀ መንበሩ ስሜን ጠርቶ አስነሣኝ። ያው ቤቱ ገብቼ ተቀምጬ የማውቀው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን "ጓድ" ነበር ያለኝ።

"ጓድ፣ አምና በዚህ መንደር ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ" አለ። "የመንግሥት ዘይት ፈስሷል ብለህ ፈርመሃል። ዘይቱን እንዶድ ያበላሸዋል የሚባለውን ነገር አምና ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? አውቀህ ዝም ካልህ ይህ አሻጥር ነው።"

አሻጥር የሚለው ቃል ያን ጊዜ ምን እንደነበረ ያልኖረበት ሰው አይረዳውም። ከጎረቤት ቀበሌ አንድ የመጋዘን ጠባቂ በዚያ ቃል ተወስዶ ነበር፤ እስከዚያ ቀን የገባበት አልታወቀም። ምላሴ ከትናጋዬ ተጣበቀ። ያ ፈጣን ምላሴ። አላውቅም ነበር እንዳልል እህቴ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አዎ እንዳልል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ።

ከኋላ ከሴቶቹ መሐል አንድ ሰው ተነሣ። ሳልዞር አወቅኳት።

"ነግሮኛል" አለች እህቴ። "አምናውኑ ነግሮኛል። 'እንዶድ አትጨምሪ፣ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ወባ ያመጣብሻል' ብሎ ለምኖኝ ነበር። እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ። እነዚህን ሴቶችም ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ለበዓል ነጭ ልልበስ ብየ ልጄን የበላሁ እኔ ነኝ። እሱን ተዉት።"

አንዲት ሴት ከኋላ "ወይኔ" ስትል ሰማሁ። ባሏ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብሎ ዞሮ ሚስቱን አያት። እሷ ግን ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ ሊቀ መንበሩ ብቻ እያየች ቆማ ቀረች።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ተመለሰ።

"እውነት ነው ወይ?" አለኝ።

"እውነት ነው" አልኩ።